"አላው" ስትሉ ምን እየሰጣችሁ ነው? የስልክ ፐርሚሽን ነገር ከተጠቃሚም ከዴቨሎፐርም ወገን

አዲስ አፕ አውርዳችሁ ገና ስትከፍቱት ካሜራ ልጠቀም፣ ኮንታክት ልይ፣ ያላችሁበትን ቦታ ልወቅ፣ ኖቲፊኬሽን ልላክ እያለ ጥያቄውን ያዥጎደጉደዋል። እዚ ጋ ሰው ሁለት አይነት ነው፤ አንዱ ምንም ሳያነብ አላው አላው አላው ብሎ ይገባል፣ ሌላው ደሞ ስልኬን ሊበረብር ነው ብሎ ሁሉንም ይከለክልና አፑ አልሰራ ሲለው ፕሌይ ስቶር ላይ አንድ ኮከብ ሰጥቶ ያጠፋዋል። ሁለቱም ላይ አልፈርድም። ጥያቄው ሲመጣ ለምን እንደመጣ የሚያስረዳ ነገር የለውማ፣ ያ ደሞ በአብዛኛው የአፕ ሰሪው ስንፍና ነው።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። የሞባይል ካርድ መሙያ አፕ እንበል፤ የተፋቀውን ካርድ በካሜራ ያነብላችሁና *805* ብሎ ቁጥሩን አስከትሎ # ጨምሮ ይደውላል። ጥሩ አፕ ነው፣ አይን ያደክማል ያ አስራ ምናምን አሃዝ። ካሜራ መጠየቁ ይገባናል። ኮንታክት ሲጠይቅስ? ሎኬሽንስ? የዚህ ፅሁፍ ግማሹ ለተጠቃሚ ግማሹ ለጀማሪ ዴቨሎፐር ነው፣ ግን ሁለቱም የሌላውን ቢያነብ አይጎዳውም። ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው።

ፐርሚሽን ምንድነው? የሚጠይቀኝስ ማነው?

ስልክ ላይ ያለ አፕ ሁሉ ለብቻው የታጠረ ነው። አንድሮይድ ከስሩ ሊኑክስ ስለሆነ እያንዳንዱን አፕ ልክ እንደ አንድ የተለየ ተጠቃሚ ቆጥሮ የራሱን መለያ ቁጥር ይሰጠዋል፣ የአንዱን አፕ የግል ፋይል ሌላው ከፍቶ አያይም። አይፎንም በራሱ መንገድ እንደዛው ያጥራል። ግቢው የናንተ ነው እንበል፣ አፑ አንድ ክፍል የተከራየ ሰው ነው። ክፍሉ ውስጥ እንደፈለገው ይሆናል፣ ሳሎንና ጓዳ መግባት ሲፈልግ ግን በሩ ላይ ላለው ዘበኛ ይነግረዋል፣ ዘበኛው መጥቶ እናንተን ይጠይቃል፣ መልሳችሁንም መዝግቦ የሚይዘው እሱ ነው። ዘበኛው አንድሮይድ ወይም አይኦኤስ ነው።

ይሄን ማወቅ ለምን ይጠቅማል፣ ያቺ ብቅ የምትለው ትንሽ ሳጥን የአፑ አይደለችም። አፑ በተኖቹን አይቀይራቸውም፣ አይደብቃቸውም፣ እናንተ እምቢ ካላችሁ ደሞ ካሜራውን ሊከፍት ሲሞክር ሲስተሙ ይመልሰዋል። አይፎን ላይ ብቻ ከጥያቄው ስር ዴቨሎፐሩ ራሱ የፃፈው የምክንያት ዓረፍተ ነገር ይታያል፣ እሷን አንብቡ፣ "ለተሻለ አገልግሎት" የምትል ከሆነች ምንም አልነገረቻችሁም። አንዳንድ አፕ ከሲስተሙ ሳጥን በፊት የራሱን ገፅ ያመጣል፣ "ቀጥል" የሚል ትልቅ በተን ያለው። እሱ ማብራሪያ ነው፣ ፈቃዱ የሚሰጠው ቀጥሎ በሚመጣው ላይ ነው።

ሁሉም ነገር ይጠየቃል እንዴ?

አይጠየቅም፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚ ላይ ነው። አንድሮይድ ላይ ኢንተርኔት መጠቀም እናንተን አያስጠይቅም። ዴቨሎፐሩ ማኒፌስት በሚባለው ፋይል ላይ አንድ መስመር ይፅፋል፣ አፑ ሲጫን በዛው ይፀድቃል፣ አለቀ። ስልኩን ማንዘርም እንደዛው ነው። እነዚህ ኖርማል የሚባሉት ናቸው። ስለዚ ምንም ያልጠየቃችሁ ካልኩሌተር ኢንተርኔት ላይ ሊሆን ይችላል፣ ችግር ነው ማለቴ አይደለም፣ ግን ለአንድ አፕ ኮንታክት ስትፈቅዱ ኢንተርኔቱ ከድሮም አለው፣ ማለትም ስም ዝርዝሩ ስልካችሁ ላይ ብቻ ላይቀር ይችላል ማለት ነው።

የሚጠየቁት ዴንጀረስ የሚባሉት ናቸው፤ ካሜራ፣ ማይክ፣ ሎኬሽን፣ ኮንታክት፣ ካላንደር፣ ኤስኤምኤስ፣ የጥሪ ታሪክ፣ ፎቶና ቪዲዮ። ከአንድሮይድ 13 ማለትም ከ2022 ወዲህ ኖቲፊኬሽንም ተጨምሯል፣ ከዛ በፊት አንድሮይድ ላይ ማንም አፕ ሳይጠይቅ ነበር የሚጮህባችሁ።

ሶስተኛው አይነት በሳጥን የማይመጣው ነው። በሌሎች አፖች ላይ ተደርቦ መታየት፣ ሁሉንም ፋይል ማስተዳደር፣ የኖቲፊኬሽን ይዘት ማንበብ፣ አክሰሰቢሊቲ። ለነዚህ አፑ ወደ ሴቲንግ ይወስዳችሁና ራሳችሁ ማብሪያውን ትገፋላችሁ። ጉልበታቸው ከፍ ያለ ስለሆነ ነው እንዲ የተደረገው፣ በኋላ እንመለስበታለን።

ድሮ እንዴት ነበር?

ድሮ አንድሮይድ ላይ በጅምላ ነበር። አፑን ከመጫናችሁ በፊት ረጅም ዝርዝር ይመጣል፣ ወይ ሁሉንም ተቀብለህ ትጭናለህ ወይ ትተወዋለህ፣ መሃል የለም። ሰው ደሞ ያው ባትሪ ማብሪያ ፈልጎ ነው የመጣው፣ ዝርዝር ሊያነብ አይደለም። በ2013 መጨረሻ የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን የከሰሰው የባትሪ አፕ ጥሩ ማሳያ ነው፣ ብራይተስት ፍላሽላይት ይባላል፣ በሚሊዮኖች የወረደ አፕ፤ ስራው መብራት ማብራት ሆኖ ሳለ የሰዎቹን ትክክለኛ ሎኬሽንና የስልካቸውን መለያ ለማስታወቂያ ድርጅቶች ያስተላልፍ ነበር።

አይፎንም ንፁህ አልነበረም። በ2012 መጀመሪያ ላይ ፓዝ የሚባለው የሶሻል ሚዲያ አፕ የተጠቃሚውን የስልክ ማውጫ በሙሉ ሳይጠይቅ ወደ ሰርቨሩ እንደሚልክ ታወቀና ጉድ ተባለ፣ በዛው ዓመት በወጣው አይኦኤስ 6 ላይ ኮንታክት ለማየት መጠየቅ ግዴታ ሆነ።

አንድሮይድ የተቀየረው በ2015 ነው፣ አንድሮይድ 6 ሲመጣ። ከዛ ወዲህ አፑ ነገሩን በሚፈልግበት ሰዓት አንድ በአንድ ይጠይቃል፣ የሰጣችሁትንም በኋላ መልሳችሁ መውሰድ ትችላላችሁ። ግን አንድ ቀዳዳ ቀርታ ነበር። የድሮ አፖች እንዳይበላሹ ሲባል "እኔ ለአሮጌው አንድሮይድ ነው የተሰራሁት" ያለ አፕ በአሮጌው ህግ ይስተናገድ ነበር፣ ስለዚ ተንኮለኞቹ ሆን ብለው አፓቸውን አሮጌ ያስመስሉት ጀመር። አንድሮይድ 14 በ2023 ይሄን ዘጋው፣ ከአንድሮይድ 6 በታች ላለው ብሎ የተሰራን አፕ ጭራሽ አልጭንም ይላል። እቤት ያለ አሮጌ ኤፒኬ (የአንድሮይድ አፕ መጫኛ ፋይል) አዲስ ስልክ ላይ እምቢ ካላችሁ አንዱ ምክንያት ይሄ ሊሆን ይችላል።

"ዋይል ዩዚንግ ዘ አፕ" እና "ኦንሊ ዚስ ታይም" ልዩነታቸው ምንድነው?

የመጀመሪያው አፑ ተከፍቶ እየተጠቀማችሁበት እያለ ብቻ ነው፣ ዘግታችሁት ኪስ ከገባ በአብዛኛው አይሰራም። ሁለተኛው ለዛች አንዴ ነው፣ ሌላ ቀን ስትከፍቱት እንደገና ይጠይቃል። አይፎን የአንዴውን በ2019 በአይኦኤስ 13 አመጣ፣ አንድሮይድ በ2020 በአንድሮይድ 11። ሎኬሽን ላይ ደሞ ሌላ ምርጫ አለ፣ ትክክለኛ ወይስ ግምታዊ። የታክሲ አፕ ትክክለኛውን ካላገኘ ሾፌሩ ሌላ ሰፈር ሄዶ ነው የሚደውልላችሁ፣ የአየር ሁኔታ አፕ ግን አዲስ አበባ መሆናችሁን ካወቀ ይበቃዋል፣ ቦሌ ትሁኑ መርካቶ ምን ያደርግለታል።

አፑ ሳይከፈትም ሎኬሽን ማየት የሚለው ለብቻ ነው የሚጠየቀው፣ ከአንድሮይድ 11 ወዲህ እንደውም ሴቲንግ ገብታችሁ ካልሆነ አይገኝም። ይሄን የሚፈልግ አፕ ጥቂት ነው፣ ልጅ የት እንዳለ መከታተያ፣ የሾፌሩ ወገን የታክሲ አፕ። ሌላው ሲጠይቅ ለምን በሉት።

የብሉቱዝ ስፒከር አፕ ለምን ሎኬሽን ይጠይቀኛል?

ይሄ ሰውን በጣም ያናድዳል፣ ግን ብዙ ጊዜ ተንኮል አይደለም። ስልኩ በዙሪያው ያሉ የብሉቱዝ መሳሪያዎችንና ዋይፋዮችን ዝርዝር ሲያይ፣ እነሱ ደሞ የተተከሉበት ቦታ ከታወቀ፣ ጂፒኤስ ሳይነካ የት እንደሆናችሁ ማወቅ ይቻላል። ስለዚ አንድሮይድ ከ6 እስከ 11 ባለው ጊዜ ብሉቱዝ መፈለግ የፈለገ አፕ ሎኬሽን እንዲጠይቅ አስገደደ። አሳቡ ለናንተ ነበር፣ ውጤቱ ግን ግራ መጋባት ሆነ፣ ሰዉ ስፒከሩ ይሰልለኛል አለ። በ2021 አንድሮይድ 12 ለይቶት "በአቅራቢያ ያሉ መሳሪያዎች" የሚል የራሱ ፈቃድ ሆነ። አሮጌ ስልክ ላይ ከሆናችሁ አሁንም የድሮው ነው የሚመጣው።

እሺ ዴቨሎፐር ነኝ፣ መቼ ልጠይቅ?

ሰውየው ነገሩን ሊጠቀም ሲል። አፑ እንደተከፈተ አራት ጥያቄ መደርደር ከሁሉም የባሰው አማራጭ ነው፣ ምክንያቱም ዕድላችሁ የተቆጠረ ነው። አይፎን ላይ ሳጥኑ የሚመጣው አንዴ ነው፣ እምቢ ካለ አለቀ፣ ከዛ በኋላ ሴቲንግ ብቻ። አንድሮይድ ላይ ከ11 ወዲህ ሁለቴ እምቢ ከተባላችሁ ሲስተሙ "ሁለተኛ እንዳትጠይቀኝ" እንደተባለ ይቆጥረዋል። ከዛ ኮዳችሁ ቢጠይቅም ሳጥኑ አይወጣም፣ ዝም ብሎ "ተከልክሏል" የሚል መልስ ይመጣል፣ ለተጠቃሚው ግን በተኑን ሲነካው ምንም የማይሆን የሞተ በተን ነው የሚመስለው። ብዙ "አይሰራም" የሚል ሪቪው ከዚ ነው የሚመነጨው።

ካርድ መሙያው አፕ ላይ ይሄ ምን ይመስላል፤ አፑ ሲከፈት ምንም አይጠይቅ፣ "ካርድ ስካን አድርግ" የሚለውን ሲነካ ያኔ ካሜራ ይጠየቅ፣ ያኔ ምክንያቱ ራሱን ያስረዳል። እምቢ ካለ ቁጥሩን በእጅ መፃፊያ ሳጥን ይቅረብለት እንጂ አፑ "ካሜራ ካልፈቀድክ ውጣ" እያለ አያፋጥጠው። አንዴ እምቢ ብሎ እንደገና ስካን ከነካ አጭር ማብራሪያ አሳይታችሁ ሁለተኛውን ዕድል ተጠቀሙ፣ አንድሮይድ ማብራሪያ የማሳያው ሰዓት መሆኑን የሚነግራችሁ ፈንክሽን አለው። ሁለተኛውም ካለቀ የአፑን የሴቲንግ ገፅ የሚከፍት በተን አስቀምጡለት።

ሌላው የተለመደ ስህተት ፈቃድ ተሰጠ ብሎ ዳታቤዝ ውስጥ መዝግቦ ማስቀመጥ ነው። ፈቃድ የትም ሰዓት ሊነሳ ይችላል። ተጠቃሚው ሴቲንግ ገብቶ ያነሳዋል፣ የአንዴ ብቻ የነበረው ይወድቃል፣ አፑ ለወራት ካልተከፈተ ደሞ ሲስተሙ በራሱ ይሰበስበዋል። ስለዚ በተጠቀማችሁ ቁጥር ሲስተሙን ራሱን ጠይቁ፣ ያለዛ አፑ ካሜራ ሊከፍት ሲል ክራሽ ያደርጋል። አይፎን ላይ ደሞ ያቺን የምክንያት ዓረፍተ ነገር Info.plist የሚባለው የአፑ ፋይል ላይ ካልፃፋችሁ ካሜራውን በነካችሁበት ቅፅበት ሲስተሙ አፑን ይገድለዋል፣ ጀማሪዎች ግማሽ ቀን የሚያጠፉበት ነገር ነው።

ጭራሽ ሳልጠይቅስ መስራት አልችልም?

ብዙ ጊዜ ትችላላችሁ፣ ለኔ ከሁሉም የሚበልጠው ርዕስም ይሄ ነው፣ ቱቶሪያሎች ግን እንዴት እንደሚጠየቅ ብቻ ነው የሚያስተምሩት። ተጠቃሚው የፕሮፋይል ፎቶ እንዲመርጥ ከፈለጋችሁ ሙሉ ጋለሪውን መጠየቅ አያስፈልግም፣ ሲስተሙ ራሱ የፎቶ መምረጫ አለው፣ ሰውየው የመረጣትን አንዷን ፎቶ ብቻ ይሰጣችኋል። አንድ ኮንታክት ለማስመረጥም እንደዛው። በኤስኤምኤስ የሚመጣ የማረጋገጫ ኮድ በራሱ እንዲሞላ ከሆነ የተፈለገው፣ ጎግል መልዕክቱ ውስጥ የአፑን መለያ በማስገባት ያችን አንዷን መልዕክት ብቻ የሚያቀብል መንገድ አዘጋጅቷል፣ የሰውየውን መልዕክት በሙሉ ማንበብ አያስፈልግም።

ወደ ካርዳችን ስንመለስ ደሞ፣ ቀጥታ መደወል የስልክ ጥሪ ፈቃድ ይጠይቃል፣ ግን ቁጥሩን ሞልታችሁ መደወያውን ብትከፍቱለትና አረንጓዴዋን እሱ ቢጫናት ምንም ፈቃድ አያስፈልግም። አንድ ነገር ብቻ፣ # ምልክቷ ኮድ ካልተደረገች መደወያውን ከሚከፍተው ሊንክ ላይ ተቆርጣ ትቀራለች፣ %23 አድርጓት፣ አለዚያ *805* ብሎ ቁጥሩን ፅፎ መጨረሻው የሌለው ነገር ነው የሚደውለው።

ፎቶ ማንሳትም በስልኩ በራሱ የካሜራ አፕ ሊሆን ይችላል፣ ያኔ የካሜራ ፈቃድ አያስፈልግም። እዚ ግን ወጥመድ አለች፤ ማኒፌስቱ ላይ የካሜራ ፈቃድ ፅፋችሁ ተጠቃሚው ካልሰጣችሁ ያ መንገድም ይዘጋል። "እኔ አልፃፍኩም" ትሉ ይሆናል፣ ያስገባችሁት ላይብረሪ (ሌላ ሰው የፃፈው ዝግጁ ኮድ) ግን ፅፎ ሊሆን ይችላል፣ ምክንያቱም የላይብረሪዎቹ ማኒፌስት ከናንተው ጋር ተቀላቅሎ ነው አንድ የሚሆነው። የማስታወቂያ ላይብረሪ አስገብቶ አፑ ያልጠበቀውን ፈቃድ ሲዘረዝር የሚደነግጥ ሰው ብዙ ነው። ከመልቀቃችሁ በፊት የተቀላቀለውን ማኒፌስት ከፍታችሁ እዩት፣ የማትፈልጉትን የሚያስወጣ ትዕዛዝ አለ።

ታዲያ በጣም መፍራት ያለብኝ የትኛውን ነው?

ሰው ካሜራና ማይክን ነው የሚፈራው። እኔ ግን ገንዘብ ስልክ ላይ ባለበት ሀገር መጀመሪያ ኤስኤምኤስ፣ ኖቲፊኬሽን ማንበብና አክሰሰቢሊቲን እላለሁ። የባንክ ኮድ የሚመጣው በኤስኤምኤስ ነው፣ መልዕክታችሁን የሚያነብ አፕ ኮዱን ከናንተ ቀድሞ ሊያይ ይችላል። ጎግል በ2018 መጨረሻ ላይ ኤስኤምኤስና የጥሪ ታሪክ ማንበብን፣ ጥቂት የተፈቀዱ ሁኔታዎች ሲቀሩ፣ ዋና የመልዕክት ወይም የመደወያ አፕ ለሆኑት ብቻ ያደረገው ለዚ ነው። በ2023 ደሞ የብድር አፖች ፎቶና ኮንታክት እንዳያዩ ከለከለ፣ ተበዳሪው ሲዘገይ ኮንታክቱ ላይ ላሉ ሰዎች ሁሉ እየደወሉ የሚያዋርዱ አበዳሪዎች በተለያየ ሀገር ስለበዙ።

ግን ይሄ ህግ የፕሌይ ስቶር ህግ ነው። በቴሌግራም የተላከላችሁ ኤፒኬ በዛ በር አላለፈም፣ ማንም አላየውም።

አክሰሰቢሊቲ ማየት ለሚቸገሩና እጃቸውን ለመጠቀም ለሚቸገሩ ሰዎች የተሰራ በጣም ጠቃሚ ነገር ነው፤ አፑ ስክሪኑ ላይ ያለውን ያነባል፣ በናንተ ምትክም ይነካል። ተንኮለኛ እጅ ከገባ ግን የሚፃፈውን ሁሉ ያነባል፣ የቀሩትን ፈቃዶችም "አላው" እያለ ለራሱ ይሰጣል። ዘበኛው ቢጠይቅም መልሱን የሚሰጠው ያው ተከራዩ ሆነ ማለት ነው። ለዚ ነው ከአንድሮይድ 13 ወዲህ ከስቶር ውጪ ለተጫነ አፕ አክሰሰቢሊቲ ደብዝዞ የሚቆለፈው። "ሽልማት ደርሶሃል፣ ይሄን አፕ ጫን፣ ከዛ ሴቲንግ ገብተህ ሶስቱን ነጥብ ንካና ሪስትሪክትድ ሴቲንግ አላው በል" እያለ በስልክ የሚመራችሁ ሰው ካጋጠማችሁ ያንን ቁልፍ ሊያስከፍታችሁ ነውና ስልኩን ዝጉበት። ትክክለኛ ባንክ እንዲ አይልም።

ማን ምን እንደተጠቀመ የት ነው የማየው?

አንድሮይድ 12 እና ከዛ በላይ ላይ ካሜራ ወይም ማይክ ሲበራ ከላይ በቀኝ አረንጓዴ ምልክት ይመጣል። አይፎን ላይ ከአይኦኤስ 14 ጀምሮ ካሜራ አረንጓዴ ነጥብ፣ ማይክ ብርቱካናማ ነው። አንድሮይድ ላይ ሴቲንግ ውስጥ ፕራይቬሲ የሚለው ስር ዳሽቦርድ አለ፣ ባለፈው ቀን ሎኬሽን፣ ካሜራ፣ ማይክ የተጠቀመውን አፕ ከነሰዓቱ ያሳያል። ፐርሚሽን ማናጀር የሚለው ደሞ በፈቃዱ አይነት ይዘረዝርላችኋል፣ ኤስኤምኤስ የሚለውን ከፍታችሁ የማታውቁት አፕ ካለ እዛው አንሱት።

ፈቃዱን ካነሳሁት የወሰደው ይመለሳል?

አይመለስም። ፐርሚሽን የሚቆጣጠረው አፑ ከስልኩ ላይ እንዳይወስድ ነው፣ አንዴ ወደ ሰርቨር የሄደ ኮንታክት ላይ ግን ስልኩ ስልጣን የለውም። ከዛ ያለው የህግና የድርጅቱ ጉዳይ ነው። ኢትዮጵያ በ2024 (በኛ 2016 ዓ.ም.) የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ን አውጥታለች፣ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፣ ስለዚ እዚ ሀገር አፕ የምትሰሩ ሰዎች "አላው ብሏላ" ብቻውን መልስ አይሆናችሁም። በተግባር በፍጥነት የሚሰራው ግን አካውንቱን ማስጠፋት ነው። አፕል ከ2022 ጀምሮ አካውንት የሚያስከፍት አፕ ውስጡ ማጥፊያም እንዲኖረው ያስገድዳል፣ ጎግልም ተመሳሳይ ህግ አለው፣ እንደውም አፑን ካጠፋችሁ በኋላም የምትጠይቁበት ሊንክ ፕሌይ ስቶር ገፁ ላይ ዳታ ሴፍቲ የሚለው ስር መኖር አለበት። አፑን ከስልክ ላይ አንኢንስቶል ማድረግ ግን አካውንቱን አያጠፋም፣ መጀመሪያ አካውንቱን አስጠፉ፣ ከዛ አፑን።